ክሽክሽ መድኃኒት «ለመደ» ሲባል ምን ማለት ነው?
በነፍሳት የዘር መዝገብ ውስጥ ስለሚደጋገሙ ጽሑፎችና ስለ አበዛዛቸው

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በአሰላ ዙሪያና በአርሲ ደጋ ወረዳዎች ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዓላማው በየእርሻው ዳር የሚሰማውን አንድ አነጋገር ማብራራት ነው፤ ይኸውም «ተባዩ መድኃኒቱን ለመደው» የሚለው ነው።

ገበሬው ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ በአንድ ርጭት ይጠፋ የነበረው ክሽክሽ፣ ሁለት ጊዜ ከተረጨ በኋላም ከድንች ቅጠል ጀርባ ሲገኝ ገንዘብ ባክኗል፣ ጉልበት ባክኗል፣ ሰብሉም መጎዳቱን አላቆመም። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ የመድኃኒቱን መጠን መጨመር ሲሆን፣ ሌላው ሌላ ስም ያለው ጠርሙስ መግዛት ነው። ሁለቱም ችግሩን ሊያባብሱት ይችላሉ። ለምን እንደሚያባብሱት ለመረዳት ግን በነፍሳቱ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር መዝገብ፣ በተለይም በዚያ መዝገብ ውስጥ እየተደጋገመ የሚጻፈውን ጽሑፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ ሲታይ ከእርሻ ሥራ የራቀ ይመስላል። ሆኖም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ምክንያቱን ካላወቀ፣ ምክሩ ተቀባይነት አያገኝም። ስለሆነም ከመሠረቱ እንጀምራለን።

1. የዘር መዝገብ ምንድን ነው?

የእያንዳንዱ ሕይወት ያለው ነገር አካል ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በየሕዋሱ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ የተባለ እጅግ ቀጭን ክር አለ። ይህ ክር አራት ዓይነት «ፊደላት» ብቻ ባሉት ጽሑፍ እንደ ተጻፈ መዝገብ ሊቆጠር ይችላል። አካሉ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ፣ መርዝ ሲገባ እንዴት እንደሚወገድ የሚያዝዘው ትእዛዝ በዚህ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እያንዳንዱን ትእዛዝ ዘረመል እንለዋለን። መዝገቡ በሙሉ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ እየተገለበጠ ይተላለፋል።

የአርሲ ገበሬ ለዘር ጉዳይ እንግዳ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ የተሻሻለ የስንዴና የገብስ ዘር በዚህ አካባቢ ሲሠራጭ ኖሯል። ሁለት የስንዴ ዝርያዎች በቁመት፣ በዋግ መቋቋምና በምርት የሚለያዩት በዘር መዝገባቸው ላይ በተጻፈው ልዩነት ምክንያት ነው። በተባዮችም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ያሉ ክሽክሾች ለዓይን አንድ ዓይነት ቢመስሉም፣ በመዝገባቸው ላይ ግን ልዩነት ሊኖር ይችላል።

የመዝገቡ ርዝመት ከፍጥረት ፍጥረት ይለያያል። የሰው መዝገብ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደላት አሉት። የዳቦ ስንዴ መዝገብ ግን ወደ 16 ቢሊዮን ፊደላት ያህላል፤ ይህም የሰውን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ስንዴ ከሰው ይበልጥ የተወሳሰበ ፍጥረት ስለሆነ አይደለም። የስንዴ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2018 ተነብቦ ሲወጣ፣ ከመቶ 85 እጅ ያህሉ በየቦታው እየተደጋገመ የተጻፈ ጽሑፍ መሆኑ ታውቋል። የመዝገቡን ርዝመት የሚወስነው በአብዛኛው የትእዛዙ ብዛት ሳይሆን የድግግሞሹ ብዛት ነው።

2. የሚደጋገመው ጽሑፍ በሦስት ዓይነት ይከፈላል

በማኅበር ጽሕፈት ቤት ያለን መዝገብ እናስብ። መዝገቡ በየዓመቱ በእጅ የሚገለበጥ ከሆነ፣ ሦስት ዓይነት ድግግሞሽ ሊገባበት ይችላል። በነፍሳት የዘር መዝገብም ውስጥ እነዚሁ ሦስቱ ይገኛሉ።

ሀ) አጫጭር ተከታታይ ድግግሞሽ። ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ጎን ለጎን ደግመው ደጋግመው ሲጻፉ ነው። ገልባጩ «በበበበ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመው ስንት «በ» እንደ ጻፈ ሊስት እንደሚችል ሁሉ፣ ሕዋስም እንዲህ ያለውን ቦታ ሲገለብጥ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት የድግግሞሹ ርዝመት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል።

ለ) ተዘዋዋሪ ዲ.ኤን.ኤ። ይህ በመዝገቡ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ቁራጭ ጽሑፍ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ከነበረበት ተነቅሎ ወደ ሌላ ገጽ ይገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ በነበረበት እንዳለ ቅጂውን ሌላ ቦታ ይተክላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክ ሲሆኑ፣ ምርምራቸውን ያካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በበቆሎ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ሳይቀበሏቸው ከቆዩ በኋላ፣ በ1983 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ሐ) የሙሉ ዘረመል ቅጂ። አንድ ሙሉ ትእዛዝ ከነአካቴው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ሲጻፍ ነው። የእናትና የአባት መዝገብ ጎን ለጎን ተጋጥመው ገጽ ሲለዋወጡ፣ ተመሳሳይ ጽሑፍ ባለበት ቦታ መጋጠሚያው ሊዛነፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዱ መዝገብ ሁለት ቅጂ ሲያገኝ ሌላው ባዶ ይቀራል። አንድ ጊዜ ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው መጨመሩ ይቀላል፤ መጋጠሚያው የሚዛነፍበት ቦታ በዝቷልና።

3. ድግግሞሹ እንዴት ይበዛል? እንዴትስ ይቀንሳል?

ተዘዋዋሪ ዲ.ኤን.ኤ በፍጥነት ሊስፋፋ እንደሚችል የሚያሳይ በሚገባ የታወቀ ምሳሌ አለ። በበሰለ ሙዝና በጠላ ዙሪያ የምትበር ትንሽ ዝንብ አለች። ተመራማሪዎች ይህችን ዝንብ ለረጅም ዘመን በቤተ ሙከራ ሲያረቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት ተይዘው በጠርሙስ ውስጥ ሲራቡ የቆዩት ዝንቦች «ፒ» የተባለውን ተዘዋዋሪ ቁራጭ የላቸውም። በ1980ዎቹ ግን በዱር ከተያዙት መካከል የሌላት ዝንብ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ቁራጩ ከሌላ የዝንብ ዝርያ ተሻግሮ፣ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳርሷል ማለት ነው።

በእርግጥ ሕዋስ ዝም ብሎ አይመለከትም። ተዘዋዋሪ ቁራጮችን ለይቶ የሚያፍን የራሱ መከላከያ አለው። ከዚህም በላይ ትርፉ ጽሑፍ በጊዜ ብዛት እየተቆረጠ ይወድቃል። ይሁን እንጂ መቁረጡ በአንዳንድ ነፍሳት ፈጣን፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው። በዚህም የተነሣ በነፍሳት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በሀገራችን ጉዳት ያደረሰው የበረሃ አንበጣ ከ8 ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። ከእርሱ ጋር የሚዛመደውና እ.ኤ.አ. በ2014 መዝገቡ የተነበበው ሌላው ተጓዥ አንበጣ ወደ 6.5 ቢሊዮን ሲኖረው፣ ከዚህ ከግማሽ በላይ የሆነው ተደጋጋሚ ጽሑፍ ነው። በአንጻሩ በዚያው ዓመት መዝገቧ የተነበበው በደቡብ ዋልታ በረዶ ምድር የምትኖር ክንፍ የሌላት ትንሽ ዝንብ ያላት 99 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው፤ ተዘዋዋሪ ቁራጭም በመዝገቧ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ለነፍሳቱ ይጠቅማልን? አብዛኛው አይጠቅምም፣ ብዙም አይጎዳም። አንዳንዱ ትእዛዝ መካከል ገብቶ ይጎዳል። ጥቂቱ ግን በአጋጣሚ ጠቃሚ ቦታ ላይ ይወድቃል። እኛን የሚመለከተን ይኸው ጥቂቱ ነው። መርዝን የሚያከሽፍ ትእዛዝ ላይ ሲያርፍ፣ ወይም ትእዛዙ ራሱ ሲባዛ፣ ለነፍሳቱ ሕይወት ለገበሬው ግን ኪሳራ ይሆናል።

4. የአርሲ ደጋ ክሽክሾች

ክሽክሽ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ የተክል ጭማቂ የምትመጥ ነፍሳት ናት። በአካባቢያችን ሦስቱን በተለይ ማወቅ ይገባል።

የአተር ክሽክሽ በአተርና በምስር ላይ ትበዛለች። የዘር መዝገቧ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም ከክሽክሾች ወገን የመጀመሪያው ነበር። በመዝገቧ ከ2,000 በላይ የዘረመል ቤተሰቦች ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው፣ ከመዝገቡም ከመቶ 38 እጅ ያህሉ ተዘዋዋሪ ዲ.ኤን.ኤ እንደሆነ ታይቷል። ስለዚህ ቅጂ ማብዛት በክሽክሽ ወገን ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን የተለመደ ጠባይ ነው።

የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለው በገብስና በስንዴ ላይ ይገኛል። በሀገራችን መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ነው። ቅጠሉን ጠቅልሎ በውስጡ ስለሚኖር የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም።

ሦስተኛው አረንጓዴው የኮክና የድንች ክሽክሽ ነው። ይህ በዓለም ዙሪያ የሚገኝ ሲሆን፣ በሀገራችንም ድንችን፣ ጎመንንና በርበሬን ያጠቃል። ጭማቂ ከመምጠጡ ይልቅ የሚያስፈራው የድንች ቫይረስ በሽታዎችን ከተክል ወደ ተክል ማስተላለፉ ነው። ቫይረሱ ወደ ሥሩ ድንች ስለሚወርድ፣ የዘር ድንች የሚያመርት ማኅበር የዘንድሮን ጉዳት ለመጪው ዓመት ዘር ያሸጋግራል። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው በዋናነት ስለዚህ ሦስተኛው ክሽክሽ ነው።

ክሽክሾችን ከሌሎች ተባዮች የሚለያቸው አረባባቸው ነው። ብርቱ ክረምት በሌለበት ምድር ሴቷ ያለ ወንድ፣ ዕንቁላል ሳትጥል፣ ሴት ልጆችን ትወልዳለች። ልጆቹም ከተወለዱ በአንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀናት ጨምረው ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። ልጅ የእናቷን መዝገብ እንዳለ ትወርሳለች። ስለዚህ አንዲት እናት ጠቃሚ ቅጂ ካገኘች፣ በሁለት ወር ውስጥ ማሳውን የሚሞሉት የእርሷው ግልባጮች ሊሆኑ ይችላሉ።

5. እስከ 80 የሚደርስ ቅጂ

በእንግሊዝ ሀገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሚሠሩት ዴቮንሻየርና ሳዊትስኪ፣ መድኃኒት የማይገድላቸውን የድንች ክሽክሾች ሰብስበው መረመሩ። በሁሉም ውስጥ መርዝን ይዞ የሚያከሽፍ አንድ ኤንዛይም አገኙ። ኤንዛይሙ በመጠኑ እንጂ በዓይነቱ አይለያይም ነበር። መጠኑን ከክሽክሽ ወደ ክሽክሽ ሲያነጻጽሩት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያለ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም በየደረጃው እጥፍ ነበር። ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኤንዛይሙን የሚያዝዘው ዘረመል በተደጋጋሚ ተባዝቷል የሚል አሳብ አቀረቡ።

በ1988 ሊንዳ ፊልድና የሥራ ባልደረቦቿ ዲ.ኤን.ኤውን ራሱን መርምረው ዘረመሉ በእርግጥም መባዛቱን አረጋገጡ። ብርቱ በሆኑት ክሽክሾች ውስጥ የቅጂው ብዛት እስከ 80 ይደርሳል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የነበረው መጋዘን 80 ጠባቂ እንደ ቀጠረ መሆኑ ነው።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ኤንዛይም የሚያከሽፈው አንድ መድኃኒትን ብቻ አይደለም። እንደ ማላታዮንና ዳይሜቶኤት ያሉትን የኦርጋኖፎስፌት ወገኖች፣ እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ዴልታሜትሪን ያሉትን የፓይሬትሮይድ ወገኖች፣ ከካርባሜት ወገንም አንዳንዶቹን ያዳክማል። ስለሆነም ዳይሜቶኤት አልሠራ ያለው ገበሬ ሄዶ ማላታዮን ቢገዛ፣ ጠርሙሱ ተለወጠ እንጂ 80ው ጠባቂ በቦታው አለ።

6. ሌሎቹ መንገዶች

ይኸው የድንች ክሽክሽ ትንባሆን የሚመገብ ወገን አለው። ትንባሆ ኒኮቲን የተባለ መርዝ ስላለው፣ ይህ ወገን ኒኮቲንን የሚፈጭ ሌላ ዘረመል አብዝቷል። ከዚህም ጋር ከዘረመሉ ፊት ለፊት፣ ሥራውን በሚያዝዘው ቦታ ላይ፣ ሁለት ፊደላት እየተደጋገሙ የተጻፉበት አጭር ድግግሞሽ ረዝሟል። ድግግሞሹ ሲረዝም የዘረመሉ ሥራ ይበረታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰሉት የኒዮኒኮቲኖይድ መድኃኒቶች በአሠራራቸው ኒኮቲንን ስለሚመስሉ፣ ይህ ክሽክሽ እነርሱንም ለመቋቋም ተዘጋጅቶ ቆይቷቸዋል።

ተዘዋዋሪ ዲ.ኤን.ኤም ድርሻ አለው። ቀደም ሲል በጠቀስናት ትንሽ ዝንብ ዘንድ፣ ዲ.ዲ.ቲን የሚፈጭ ዘረመል አጠገብ አንድ ተዘዋዋሪ ቁራጭ ገብቶ ዘረመሉን ከመጠን በላይ እንዲሠራ አድርጎታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል።

ከዚህ ሌላ፣ ቅጂ ሳይበዛ በአንድ ፊደል መለወጥ ብቻ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ቅርጹን ሊቀይር ይችላል። አንድ ክሽክሽ ሁለቱንም መንገድ በአንድነት ሊይዝ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

7. «ለመደ» የሚለው ቃል የሚያሳስተው በምንድን ነው?

በሬ ቀንበር ይለምዳል። መጀመሪያ ይፈራገጣል፣ በኋላ ይገራል፤ የለመደው ያው በሬ ነው። ክሽክሽ መድኃኒት የሚለምደው እንዲህ አይደለም። የተረጨባት ክሽክሽ ወይ ትሞታለች ወይ ትተርፋለች፤ ተምራ የምትጠነክር የለችም። የሚለወጠው በማሳው ላይ የቀሩት የማን ልጆች እንደሆኑ ነው። መድኃኒቱ ቅጂ አይፈጥርም፤ ቅጂ ያላቸውን ይመርጣል። ገበሬው ለዘር የሚሆነውን እህል እንደሚመርጥ ሁሉ፣ መርጫውም ለመጪው ትውልድ የሚሆነውን ክሽክሽ ይመርጣል።

በቁጥር ብናስቀምጠው ይገባል። በአንድ ማሳ 10,000 ክሽክሾች አሉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 10 ብቻ ትርፍ ቅጂ አላቸው። መድኃኒቱ ተራዎቹን ከመቶ 95 ይገድላል፤ ባለ ቅጂዎቹን አይገድልም። በርጭቶቹ መካከል ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚራቡ፣ መራባቱን ትተን ንጽጽሩን ብቻ እንያዝ።

ከመጀመሪያው ርጭት በኋላ፦ ተራ 500፣ ባለ ቅጂ 10።
ከሁለተኛው ርጭት በኋላ፦ ተራ 25፣ ባለ ቅጂ 10።
ከሦስተኛው ርጭት በኋላ፦ ተራ 1፣ ባለ ቅጂ 10።

መጀመሪያ ከሺህ አንድ የነበረው ወገን በሦስት ርጭት ከ11 10ሩን ሆነ። ገበሬው «ሦስተኛው ጊዜ ለመደው» ቢል አይፈረድበትም።

መጠን መጨመር ለምን እንደማያዋጣም ከዚሁ ይታያል። መጠኑ ትንሽ ሲጨመር ሁለት ቅጂ ያላቸው ይሞቱና አራት ያላቸው ይቀራሉ። ደግሞ ሲጨመር ስምንት ያላቸው ይቀራሉ። ገበሬው ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወጣ ክሽክሹም አብሮት ይወጣል። ከተጻፈው መጠን ማሳነስም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ ጥቂት ቅጂ ያላቸው እንዲተርፉ በር ይከፍታልና።

8. ቅጂ ማብዛት ዋጋ ያስከፍላል

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። 80 ጠባቂ መቅጠር ደመወዝ ይጠይቃል። በእንግሊዝ ሀገር በተደረገ ጥናት፣ ብዙ ቅጂ ያላቸው ክሽክሾች ብርዳማውን ወቅት የማለፍ ችሎታቸው ከተራዎቹ ያነሰ ነው፤ የሚጠወልገውን ቅጠል ትተው ወደ አዲስ ቅጠል ለመሄድም ይዘገያሉ። ስለሆነም ርጭት በማይኖርበት ጊዜ ተራዎቹ መልሰው የመብዛት ዕድል አላቸው። መድኃኒትን ማሳረፍ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ተራዎቹ ክሽክሾች መልሰው እንዲገኑ ማድረግ ነው።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ክሽክሾች ቅጂዎቹን ሳይጥሉ ሥራቸውን ብቻ ያቆማሉ። በዲ.ኤን.ኤው ላይ ያለ አንድ የኬሚካል ምልክት ሲነሣ ቅጂዎቹ ጸጥ ይላሉ፤ ክሽክሿም እንደ ተራ በመድኃኒት ትሞታለች። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በመዝገቡ ላይ ስላለ፣ ወደ ቀድሞው ርጭት ሲመለሱ ቅጂዎቹ በአጭር ጊዜ ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ። «ድሮ የተወው መድኃኒት አሁን ሠራ» ተብሎ ያንኑ ደጋግሞ መርጨት የማያዛልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

9. በተግባር ምን ይደረግ?

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፦

1ኛ. በመጀመሪያ ርጭቱን መመርመር። መድኃኒት አልሠራም ሲባል ሁሉ ምክንያቱ ዘረመል አይደለም። መድኃኒቱ ጊዜው አላለፈም? መጠኑ በትክክል ተለክቷል? የመርጫው አፍ አልተደፈነም? ከርጭቱ በኋላ ዝናብ አልዘነበም? ክሽክሹ ያለው በቅጠሉ ጀርባ ሆኖ የተረጨው ግን ላይኛው ብቻ አይደለምን?

2ኛ. የቀሩትን ማየት። በሕይወት ያሉት በተጠቀለለ ቅጠል ውስጥና በተዘለለ መስመር ላይ ብቻ ከሆኑ ጉድለቱ የአረጫጨት ነው። በሚገባ በረጠበ አንድ ቅጠል ላይ የሞቱና ጤነኛ ሆነው የሚመገቡ ክሽክሾች አብረው ቢታዩ ግን መቋቋም መኖሩ ያጠራጥራል። ይህ ሲሆን ርጭቱን በዚያው መድኃኒት ከመድገም ተቆጥቦ ለወረዳው የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።

3ኛ. ጠላቶቻቸውን መቁጠር። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛና ጫጩቶቿ ክሽክሽ ይበላሉ። አብጠው የደረቁ ቡናማ ክሽክሾች ሲታዩም በውስጣቸው ጥቃቅን ተርቦች እያደጉ ነው። እነዚህ ባለ 80 ቅጂውንም ባለ አንዱንም ሳይለዩ ያጠፋሉ። ክሽክሽ በዘረመል ቅጂ የማያመልጣቸው ጠላቶች ናቸውና በከንቱ ርጭት መግደል አይገባም።

4ኛ. በቀን መቁጠሪያ አለመርጨት። የሚረጨው ማሳውን በየሳምንቱ በማየት፣ ክሽክሹ እየበዛና ጠላቶቹ እያነሱ ሲገኙ ብቻ ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፦

1ኛ. በስም ሳይሆን በወገን መግዛት። በብዙ ጠርሙሶች ላይ የመድኃኒቱን የአሠራር ወገን የሚያመለክት ቁጥር ከላቲን ፊደል ጋር ይታተማል። 1ኤ ካርባሜት፣ 1ቢ ኦርጋኖፎስፌት፣ 3ኤ ፓይሬትሮይድ፣ 4ኤ ኒዮኒኮቲኖይድ ነው። የንግድ ስማቸው የተለያየ ሁለት ጠርሙሶች አንድ ቁጥር ካላቸው እንደ አንድ መድኃኒት ይቆጠራሉ።

2ኛ. በጋራ መፈራረቅ። አንድ አባል ሲያፈራርቅ ጎረቤቱ ያንኑ ደጋግሞ ከረጨ ጥቅም የለውም፤ ክንፍ ያላቸው ክሽክሾች ድንበር አያውቁምና። ማኅበሩ ለአንድ ወቅት አንድ ወገን፣ ለሚቀጥለው ሌላ ወገን እንዲሆን ወስኖ ያስመዝግብ። የ1ቢና የ3ኤ መፈራረቅ ብቻውን እንደማይበቃ ከላይ የተገለጸውን ያስታውሷል።

3ኛ. የርጭት መዝገብ መያዝ። ቀን፣ ማሳ፣ የመድኃኒቱ ወገን፣ መጠንና ውጤቱ ይጻፍ። ካለ መዝገብ መፈራረቅ አይቻልም።

4ኛ. የዘር ድንችን በተለይ መጠበቅ። ዘሩ የሚመረተው ነፋሻና ቀዝቃዛ በሆነው ከፍተኛ ቦታ፣ ከምግብ ድንች ማሳ ርቆ ይሁን። የታመሙ ተክሎች እንደታዩ ከነሥራቸው ይነቀሉ። አንዳንዱን ቫይረስ ክሽክሽ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሚያስተላልፈው፣ ከመድኃኒት ይልቅ ንጹሕ ዘር የተሻለ ጠባቂ ነው።

5ኛ. ንብን ማሰብ። ባቄላና አተር ባበቡበት ጊዜ መርጨት ንብን ይፈጃል፤ ማርም የአባላት ገቢ ነው።

ማጠቃለያ

በነፍሳት የዘር መዝገብ ውስጥ ያለው ድግግሞሽ እኛ ከመርጨታችን እጅግ በፊት የነበረ፣ ወደፊትም የሚኖር ነው። መገልበጥ እስካለ ድረስ ትርፍ ቅጂ መፈጠሩን ማስቆም አንችልም። በእጃችን ያለው ምርጫው ነው። በየርጭቱ ለየትኛው ክሽክሽ ቦታ እንደምንለቅ የምንወስነው እኛ ነን። ከስድስት ወር በኋላም የሚሠራ መድኃኒት በማኅበሩ መጋዘን እንዲኖር ከተፈለገ፣ ዛሬ ሳያስፈልግ አለመርጨት፣ ሲያስፈልግም ወገኑን ለይቶ፣ መጠኑን ጠብቆና ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ መርጨት ያስፈልጋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው «ለመደው» የሚል ገበሬ ሲያገኝ፣ ለሌላ ጠርሙስ ከመላኩ በፊት አብሮት ወደ ማሳው ወርዶ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ እንዲያይ እንመክራለን።